አዲስ አጥቢያ ሲገቡ፦ ከእሑድ ቅዳሴ እስከ ሰንበቴ ተራ

ሰፈር የቀየረ ሰው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ እድር ይገባል፣ የመብራት ቆጣሪውን ስም ያዛውራል። አጥቢያውን ግን ብዙ ሰው እንዲሁ ይተወዋል። እሑድ እሑድ ቅርብ ካለው ደብር ያስቀድሳል፣ ሲያልቅ ተሳልሞ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ሦስትና አራት ዓመት ይሄዳል። ክፍተቱ የሚታየው ልጅ ክርስትና ሊነሣ ሲል፣ ሠርግ ሲደርስ ወይም ከቤት ሰው ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት «የየት አጥቢያ ነዎት? ካርድ አለዎት? የንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» ሲባል መልስ ይጠፋል።

እንዲህ የሚሆነው ሰው ስለማይመላለስ አይደለም። በቅዳሴ ሰዓት ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ይቆማል፤ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ለዓመታት ስማቸውን ሳይተዋወቁ ሊኖሩ ይችላሉ። የደብሩ ልጅ የሚኮነው ከቅዳሴ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት፣ በሰበካው (በአጥቢያው አስተዳደር) መዝገብና በሰንበቴው፣ አስቀዳሾች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በተራ በሚያዘጋጁት ማዕድ፣ ተራ ነው። ከዚህ በታች ያለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ያለውን አካሄድ ከዋዜማው ጀምሮ ይከተላል። ሰዓቱና የጽሕፈት ቤቱ አሠራር ከደብር ደብር ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

መጀመሪያ ሰዓቱን ይጠይቁ። ቅዳሜ በሠርክ ጸሎት ሰዓት ብቅ ብለው አንዱን ዲያቆን «ነገ ኪዳን ስንት ሰዓት ይደረሳል? ቅዳሴውስ ስንት ሰዓት ይገባል?» ቢሉት ይበቃል። በብዙ ደብር ኪዳኑ፣ ከቅዳሴ በፊት ያለው ጸሎት፣ ጎሕ ሳይቀድ ይደረሳል፤ ቅዳሴው ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በአዘቦት የጾም ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ እንደሚገባ የለመደ ሰው ዐቢይ ጾም ሲመጣ እሑድንም እንደዚያው ቆጥሮ አርፍዶ ይመጣል። ስሕተት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ስለሆኑ በጾም ወራትም ቅዳሴያቸው ጧት ነው፤ የሚጾመው እንደ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ካሉ ጥሉላት ብቻ ነው። ከዓመቱ ቅዳሜዎች እህል ሳይቀመስ የሚጾመው የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር ብቻ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ደግሞ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፤ በነዚህ ሳምንታት ቅኔ ማኅሌቱ (ማኅሌት የሚቆምበት የውጨኛው ክፍል) ከንጋት በፊት ስለሚሞላ ቦታ የሚፈልግ ሰው ቀደም ይበል።

ልብስ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ነው። ወንድ ነጠላውን በሁለቱ ትከሻዎቹ አሳልፎ ደረቱ ላይ በመስቀል አምሳል ያጣፋዋል። ሴት ራሷን ትሸፍናለች። አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጥለቱ ላይ ነው፦ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት አድርጎ መልበስ የኀዘን አለባበስ ነው። ሳያስተውሉ እንደዚያ ለብሰው ከሄዱ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» ማለታቸው አይቀርም። (እውነቱን ለመናገር ከእርሳቸው ጋር ለመተዋወቅ መጥፎ መነሻ አይደለም።)

ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ይሻላል። ሁለቱንም በአንድ ፌስታል አድርገው ከበሩ ራቅ ባለው ጥግ ያስቀምጡት፤ ሕዝቡ ሲወጣ ጫማ የሚለዋወጠውና የሚጠፋው በሩ አፍ ላይ የተተወው ነው። በክረምት ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰዓት በቀዝቃዛ ወለል ላይ መቆም ቀላል አይደለም። ወገብ ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው መቋሚያ ይያዝ፤ ለካህናትና ለሽማግሌ ብቻ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም።

መባ ካለዎት፣ ማለትም ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ፣ ቅዳሴው ሳይጀመር ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ወይም ለሚቀበለው ዲያቆን ያስረክቡ። ቅዳሴ ከገባ በኋላ በሰው መካከል አልፎ ጧፍ ለመስጠት መሞከር አስቀዳሹን ይረብሻል፤ ተቀባዩም በዚያ ሰዓት እጁ ባዶ አይሆንም። ገንዘብ በሙዳየ ምጽዋት ይገባል። ለሕንፃ ወይም ለተለየ ጉዳይ የሚሰጥ ከሆነ ግን በደረሰኝ ይሁን።

የት መቆም ይሻላል?

ከበሩ ሲደርሱ አማትበው፣ ጎንበስ ብለው ይሳለማሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብም ሆነ አራት ማዕዘን ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ሲያደርጉ በግራ በኩል ያለው ሰሜኑ የወንዶች፣ በቀኝ ያለው ደቡቡ የሴቶች ነው። በሮቹም እንደዚሁ ናቸው። ሕፃን ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ቢቆም ማንም አይናገረውም።

አዲስ ሰው ከፊት ረድፍ አይቁም። ፊት ለፊቱ ላይ ቆራቢዎች የሚያልፉበት መንገድ አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የቆዩ አስቀዳሾች የለመዱት ቦታ ነው። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ መቋሚያ ወይም የተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍ ካዩ ባለቤት አላት፤ እማማ አርፍደው ቢመጡ እንኳ ይመጣሉ። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ፣ ዓምድ አጠገብ መቆም ጥሩ ነው፦ ከፊት ያሉት ሲያጎነብሱ፣ ሲቀመጡ፣ ሲነሡ ያያሉ። ከሁሉ በላይ ግን በየሳምንቱ እዚያው ይቁሙ። ቦታውን የሚቀያይር ሰው ለሁሉም መንገደኛ ነው፤ አንድ ቦታ የሚቆም ሰው በአራተኛው እሑድ ቢቀር «ያ ልጅ ዛሬ የት ሄደ?» የሚለው አያጣም።

ብዙ ሰው በልማድ ከቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ወይም ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል። በሥርዓቱ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገባበት ቀን ያለበት ሰው ቦታው ይኸው ነው፤ ከቅዳሴው እንደተለየ አይቆጠርም። ሌላ ምክንያት የሌለው ሰው ግን ውጭ መቆምን ልማድ ሲያደርግ መዘግየትና ወሬ አብረው ይለመዳሉ።

ቅዳሴውን መከተል

ቅዳሴ እንዲፈጸም ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ስድስተኛው ድርሻ የሕዝቡ ነው ቢባል ስሕተት የለውም። በመጽሐፈ ቅዳሴው ጎን ላይ «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ»፣ «ይ.ሕ» የሚሉ ምልክቶች አሉ፦ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። የመጨረሻው የእርስዎ ነው።

መጽሐፉን ገዝቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለመከተል የሚሞክር ሰው ወንጌል ከተነበበ በኋላ ይጠፋበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሥርዓተ ቅዳሴው፣ ዘወትር አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍሬ ቅዳሴ ግን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሚቀደስ የሚወስነው የዕለቱ ግጻዌ (የየዕለቱን ንባብና ቅዳሴ የሚያመለክተው መጽሐፍ) ነው። ስለዚህ አጠገብዎ ያለውን ሰው ቀድመው «ዛሬ የማን ቅዳሴ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቅዳሴ ሐዋርያት፣ ቅዳሴ ማርያም፣ ቅዳሴ አትናቴዎስ እያለ ይነግርዎታል። ገጹን በክር ምልክት አድርገው ይጠብቁ። በስልክ የሚከተሉ ከሆነ ድምፁን አጥፍተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ቅዳሴ እየተከተለ ነው ብሎ የሚያስብ እንደሌለ ግን ይወቁ። መጽሐፍ ይሻላል።

ተሰጥኦውን (የሕዝቡን መልስ) በአንድ ቀን ለማጥናት አይሞክሩ። በየእሑዱ ጥቂት ጥቂት ይያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃው በጣም የሚደጋገመው ነው፦ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ይላል፤ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ተብሎ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት የፍሬ ቅዳሴውን መግቢያ ይጨምሩ፦ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል «ርቱዕ ይደሉ»፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»። ከዚያ ቀጥሎ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ)፣ ትንሽ ቆይቶም «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» (ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ) እያለ ይመራል፤ «አውሥኡ» ሲል ሕዝቡ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» ብሎ ይመልሳል። እነዚህን የያዘ ሰው የቀረውን በጆሮው ይለምደዋል። ዜማው ካልገባዎት ዝቅ ባለ ድምፅ ይበሉ፤ ከሕዝቡ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ጮኽ ብሎ መመለስ ከዝምታ ይከፋል።

ንባቡ በቅደም ተከተል ነው፦ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት አንዱ፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ከዚያ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደው ምስባክ በዜማ፣ በመጨረሻ ወንጌል። ምስባኩን ሳያመልጥዎ ይያዙት፤ የዕለቱ ስብከት ብዙ ጊዜ በእርሱና በወንጌሉ ላይ ይመሠረታል። በዐቢይ ጾም እሑዶች ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምስባክና መዝሙር አላቸው፤ የሳምንቱም ስም ከዚያው የመጣ ነው።

ከሃይማኖት ጸሎቱ በኋላ ካህኑ እጁን ይታጠባል፤ ውኃውንም ሳያደርቅ ወደ ሕዝቡ እያራገፈ ሳይገባው የሚቀርብን ሰው ያስጠነቅቃል። ከዚህ ቀጥሎ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲባል ሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየዞረ እጅ ይነሣል። በቅዳሴ መካከል ጎረቤትዎን ፊት ለፊት የሚያዩበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ወለሉን እያዩ አያሳልፉት፤ ከጎንዎ ያለውን ሰው ፊት ይመልከቱ። ከቅዳሴ በኋላ ሰላም የሚሉት እርሱን ነው።

ሰንበት ስለሆነ በግንባር አይሰገድም። «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ወይም «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲባል ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ በቂ ነው። በበዓለ ኃምሳም እንዲሁ ነው። ከሌላ ቀን ልማድ ተነሥቶ መሬት ላይ የሚወድቅ ሰው ከኋላው ያለውንም ያሰናክላል።

ሕፃን የያዘ ሰው በሩ አጠገብ ይቁም። መውጣት ካስፈለገ በንባብና በንባብ መካከል ይውጣ፤ ወንጌል ሲነበብ፣ «ቅዱስ» ሲባልና ኅብስቱና ጽዋው ሲባረክ ከቦታ ወደ ቦታ አይንቀሳቀስም።

የሚቆርቡ ከሆነ

ቁርባን ከንስሐ አባት ጋር ሳይመክሩ የሚገቡበት ነገር አይደለም፤ አዲስ ደብር ላይ ደግሞ የሚያውቅዎ ካህን ስለሌለ ቀደም ብለው መነጋገር አለብዎት። ባለትዳሮች አብረው ይዘጋጃሉ፤ ከመኝታ የሚታቀቡበትን ቀን የንስሐ አባት ይነግራሉ።

ከምግብና ከመጠጥ የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። ሒሳቡ የሚጀምረው ከመኝታ ሰዓት ሳይሆን ከሚቆርቡበት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሥጋ ወደሙ የሚሰጠው ጧት 2፡30 ገደማ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት 8፡30 በኋላ ምንም አይቀመስም ማለት ነው፤ ቅዳሜ ምሳ የመጨረሻው ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ይታወቃል፦ «እራት ካልበላሁ ይበቃል» ብሎ ማታ ሻይ መጠጣት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ነቅቶ ውኃ መጎንጨት፣ ማስቲካ። መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሳቸው ከመወሰን በፊት የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ ለሕፃናት በአቅማቸው ነው።

ሊቆርብ የመጣ ሰው ከቅዳሴው መጀመሪያ ይገኛል። ሥጋውን ካህኑ ያቀብላሉ፤ ደሙን ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል (በማንኪያው) ይሰጣል። ከተቀበሉ በኋላ አፍዎን በነጠላ ሸፍነው፣ ሳያወሩ፣ ጠበል ይጠጡ። ያን ዕለት ምራቅ አይተፋም፣ አይሰገድም፣ ገላ አይታጠብም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት አውቶቡስ የሚይዝ ሰው ሌላ ሳምንት ቢቆርብ ይሻለዋል።

«እትዉ በሰላም» ከተባለ በኋላ

ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ግማሹ ሕዝብ ጫማውን ፍለጋ ይሮጣል። እርስዎ ቆዩ። ስብከት ካለ ይስሙ፤ ሲያልቅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይባላል። ቀጥሎ የሚነገረውን ማስታወቂያ በጥሞና ያድምጡ፦ የሰበካው የመመዝገቢያ ቀን፣ የንግሥ ዝግጅት፣ የልጆች ትምህርት ምዝገባ፣ የታመመና ያረፈ ሰው ሁሉ የሚነገረው እዚህ ነው። ሌላ ቦታ ተጽፎ የማይለጠፍ ብዙ ነገር አለ።

ከዚያ በጉልላቱ ጥላ ወይም በደጀ ሰላሙ አካባቢ ሁለት ሰው ይበቃዎታል። አንደኛው ከጎንዎ የቆመው ነው፤ «እንደምን አደሩ፣ እኔ ለሰፈሩ አዲስ ነኝ» ማለት ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው ካህን ነው። ጠጋ ብለው «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ይበሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው በመስቀል ይባርኩዎታል፤ መስቀሉን በግንባርና በከንፈር ይሳለማሉ። ከዚያ በአጭሩ፦ ስመ ክርስትናዎ፣ ከየትኛው ደብር እንደመጡ፣ የት ሰፈር እንደሚኖሩ። ስመ ክርስትናን ማስቀደም ይጠቅማል፤ ካህን በጸሎት የሚያነሣዎ በእርሱ ነው። ሌላውን ጉዳይ በቀጠሮ ያድርጉት። ቀድሰው የወጡ አባት ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም፤ በዚያ ሰዓት የረዘመ ጉዳይ ይዞባቸው የሚቆም ሰው አጭር መልስ ቢያገኝ አይክፋው።

ሰበካ ጉባኤ

ሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት አጥቢያውን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ ነው። መተዳደሪያው ቃለ ዓዋዲ ይባላል፤ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክነት ዘመን የወጣ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በቁም ነገር አባል መሆን ማለት እዚህ መዝገብ ላይ መስፈር ነው።

ለመመዝገብ ሲሄዱ የሚከተሉትን ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንዱን ደብሩ ላይጠይቅ ይችላል፦ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስም ከነስመ ክርስትናቸው፣ የንስሐ አባት ስም፣ ከቀድሞው አጥቢያ መሸኛ ደብዳቤ። ደብዳቤውን ከመልቀቅ በፊት ማውጣት ይቀልላል፤ ከሄዱ በኋላ ለእርሱ ብቻ ተመልሶ ከከተማ ከተማ መጓዝ ሊመጣ ነው። የልጆች የጥምቀት የምስክር ወረቀት ካለ ቅጂውን ያያይዙ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ በቤትዎ ልጅ የሚጠበቅ ከሆነ ምዝገባውን ከመውለድ በፊት ይጨርሱ።

በመዝገቡ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶች የተለመዱ ናቸው። አባወራው ብቻ ተመዝግቦ ሚስትና ልጆች ይረሳሉ፤ ካርዱ በአረፈ አባት ስም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ለዐቅመ አዳም የደረሰ ልጅ በራሱ ስም ሳይመዘገብ ለተክሊል ይመጣል። የአባልነት መዋጮውም በየዓመቱ ወይም በየወሩ ሳይከፈል ቆይቶ ጉዳይ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ የሦስት ዓመት ውዝፍ ሲቆጥር ማየት ለማንም ደስ አይልም። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ካርዱም ላይ ያስፈርሙ። ካርዱን ቤት ውስጥ ሌላም ሰው በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጡት፤ ሲፈለግ እርስዎ ላይኖሩ ይችላሉ። ሰበካውና እድሩ ደግሞ አይተካኩም፦ እድሩ ድንኳንና ወንበር ያቀርባል፣ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል፤ ፍትሐቱ (ላረፈ ሰው የሚደረሰው ጸሎት) እና የመቃብሩ ቦታ የአጥቢያው ነው።

የንስሐ አባት

የቀድሞው የንስሐ አባትዎ እዚያው ከተማ ካሉና ሊያገኙዎት ከቻሉ መቀየር ግዴታ አይደለም። ከራቁ ግን ሳይሰናበቱ ሌላ አይያዙ፤ ደውለው ወይም ሄደው «ሰፈር ቀይሬያለሁ፤ ቅርብ ካለው ደብር አባት እንድይዝ ይፍቀዱልኝ» ይበሉ። አዲሱን አባት ሲመርጡ ድምፃቸው የሚያምረውን ወይም ሰባኪውን ብቻ አይፈልጉ። ጊዜ ያላቸውን፣ ሰፈርዎ ለመድረስ የማይቸገሩትን ይምረጡ፤ ብዙ የንስሐ ልጅ ያላቸው አባት ቤትዎን በዓመት አንድ ጊዜ ለማየትም ላይችሉ ይችላሉ። ባልና ሚስት አንድ አባት ቢይዙ ምክሩም ቀኖናውም ይቀልላል።

ሰንበቴና ማኅበር

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ማኅበር በወር አንድ ቀን፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ወይም በሌላ የቅዱስ ዕለት፣ ብዙ ጊዜ በአባላቱ ቤት በተራ የሚጠጣ ጽዋ ነው። ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ባለው የሰንበቴ ቤት ይካሄዳል። ለአዲስ ሰው ሰንበቴ ይቀላል፦ የማንንም ቤት ደጅ ማንኳኳት አይጠይቅም፤ አስቀዳሹ ከቅዳሴ ወጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

ለመግባት የሰንበቴውን ሙሴ ይፈልጉ፤ ሙሴ ማለት የሚመራው ሰው ነው። ሁለትና ሦስት እሑድ በእንግድነት ይቀመጡ። ጸሎት ይደረሳል፣ ካህኑ እንጀራውንና ጠላውን ባርከው ዳቦውን ይቆርሳሉ፣ ከዚያ ይታደላል። ስንት አባል እንዳለ፣ ተራ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። 30 አባል ያለው ሰንበቴ ተራው በሰባት ወር አንዴ ይደርሳል፤ ለማንም ከባድ አይደለም።

ተራው ሲደርስ ነዳያንና ድንገት የሚቀመጥ እንግዳ ስላሉ በአባሉ ቁጥር ላይ ሲሶውን ይጨምሩ። ለ30 አባል ለ40 ሰው ያህል አስቡ፦ ከ4 ኪሎ ዱቄት የተጋገሩ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ፣ 3 ኪሎ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ (ከዋዜማው ተነክሮ ያደረ)፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላ። ጠላው በቤት የሚጠመቅ ከሆነ ጌሾው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጠንሰስ፤ በመጨረሻው ሳምንት የተቻኮለ ጠላ ጉሽ ሆኖ ይቀርባል። ጾም ከሆነ ዳቦው ቅቤና ወተት እንዳይነካው ለሚጋግረው ሰው አስቀድመው ይናገሩ። መጠጫውንና ሰፌዱን ሰንበቴ ቤቱ እንዳለው ዐርብ ያጣሩ፤ እሑድ ጧት 40 ብርጭቆ ፍለጋ መሮጥ ቅዳሴ ያስቀራል።

ሰንበቴ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በጥል አይደለም፤ በፉክክር ነው። አንዱ ተረኛ ወጥ ጨምሮ፣ ለስላሳ ደርድሮ ሲያቀርብ ተከታዩ ያንን ማሳነስ ያፍራል፤ አቅም የሌለው ቀስ ብሎ ይቀራል። ቢኖርዎትም ከልማዱ አይለፉ። ትርፉን ለነዳያን ያድርጉት፤ እነርሱንም መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከአባላቱ ጋር ያስቀምጧቸው።

ልጆችና ጉልበት ያለው ሰው

ልጆች ሰንበት ትምህርት ቤት በዕድሜ ክፍል ተከፍለው ይማራሉ። ከመስከረም ጀምሮ ማስመዝገብ ይሻላል፤ በመካከል የገባ ልጅ መዝሙሩንም ጓደኛውንም ለማግኘት ይቸገራል። የደንብ ልብሱ የሚሰፋበትን ከክፍሉ ኃላፊ ይጠይቁ፤ በራስዎ የሚያሰፉት ቀለሙ ይለያያል።

ለአዋቂ ሰው በጣም ፈጣኑ መንገድ የደብሩ ንግሥ ነው። ዋዜማው ሳምንት ሲቀረው ኮሚቴው ሰው ይፈልጋል፦ ምንጣፍ የሚያራግፍ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ድንኳን የሚተክል፣ እንግዳ የሚያስተናግድ፣ ሽንኩርት የሚልጥ። ስብሰባ ሳይጠብቁ ሄደው «ምን ልሥራ?» ይበሉ። ሁለት ቀን አብሮ የሠራ ሰው ስሙን ማስታወቅ አያስፈልገውም፤ ዘንድሮ ምንጣፍ ያነጠፈውን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ራሱ ስልኩን ፈልጎ ይደውልለታል።

ሰፈር ደግመው ሲቀይሩ ደግሞ ቅደም ተከተሉ በተቃራኒው ይሆናል፦ ሰንበቴው ተራዎ ሳይደርስ ይንገሩ፣ የማኅበሩ ጽዋ እጅዎ ላይ ከሆነ ለተከታዩ ያስረክቡ፣ የንስሐ አባትዎን ይሰናበቱ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ውዝፍ ካለ ከፍለው መሸኛዎን ይቀበሉ።